አምስተኛዋ

ሞንታና ውስጥ ሐምሌ፣ ስንዴው ሲያጎነብስ፣
የቆርቆሮው ጋራዥ በንፋስ ሲታመስ፣
የአባቴን መኪና ኮፋኖ ከፍቼ፣
ከመሪው በታች ደግሞ በጀርባ ተኝቼ፣
ከኮምፒውተሩ ጥግ የተሸሸጉትን፣
ሃያ ዓመት አቧራ የተመገቡትን
የመዳብ ጥርሶቹን በአልኮል ጠርጌ፣ በምላጭ ፍቄ፣
አዲሱን ቺፕ ሰካሁ፣ ትንፋሼን ደብቄ።

ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም።
ግን ናፍጣው መቼ፣ ምን ያህል፣ ለስንት ቅጽበት
እንደሚረጭ የሚያዝ እሱ ነው በእውነት፤
ሦስት ሌሊት ሙሉ ቁጥር ስደረድር
ያነጋሁበት ነው፣ መስመር በመስመር።

መዘውሩ ስድስት ቦታ ይዞራል በተርታ።
አንድ፣ እንደ ፋብሪካው፣ ጨዋ፣ ባለ ዝግታ።
ሁለት፣ ከብት ሲጫን። ሦስትና አራት ይቅሩ፣
ለጎረቤት ወሬ ነው የተፈጠሩ።
ስድስት ለሌባ ነው፤ ሞተሩ አይነሳም፣
ቢያዞር፣ ቢደበድብ፣ ቢለምን አይሰማም።

አምስት ግን የአባቴ ናት።
የድሮዋን አምስት እሱ ነው ያስጻፈኝ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አጠገቤ ቆሞ ሲመክረኝ፦
«ጭሱ ይጥቆር ተዪው፣ ማርሚታው ያጓራ፣
መርፌዋም ቀዩን ትንካ፤ ቴስታታ ይሞቃል እንጂ መች ይፈራ!»
በአምስት ነው ጋይሎርድን ያስቀናው በጭሱ፣
የኋላ መብራቱን አሳይቶት እሱ።

በመጋቢት ወደቀ።
የጥጆቹን በር እንደያዘ፣ ጭቃ ላይ፣ በግንባሩ።
ቢሊንግስ ወሰድነው። ደረቱን ከፍተው፣
ከአንገት አጥንቱ ሥር ቁራጭ ብረት ቀብረው፣
ሰፉት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጸጥተኛ ልጅ፣
ላፕቶፕ በእጁ፣ መጣ ከደጅ፤
ክብ ነገር ደረቱ ላይ አኑሮ፣
የልቡን ሚኒሞ ከፍ ዝቅ አደረገ፣ ስክሪኑን አማክሮ።
አየሁት ግራፉን።
እኔ የማውቀው መስመር፣ እኔ የማውቀው ጥርስ፣
ሲነሳ፣ ሲወድቅ፣ ሲንተባተብ፣ ሲመለስ።
አባቴ ቀና ብሎ ልጁን አየው፤
«የእኔስ ስንት ቦታ ይዞራል?» አለው።
ልጁ አልገባውም። እኔ ግን ሳቅሁ፣
ከዚያ እስከ ማይልስ ሲቲ ዝም ብዬ ነዳሁ።

ስለዚህ ነው።
አዲሷን አምስት ስጽፍ ናፍጣውን ነፈግሁ፣
የቱርቦውን ግፊት በብዙ ቀነስሁ፤
ሚኒሞውን ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጌ
እንዲያጓራ ተውኩት፣ ጆሮ ላታልል ፈልጌ።
ድምፅዋ አምስት ነው፣ ጉልበቷ ግን አንድ።
ውሸት በቁጥር ሲጻፍ ንጹሕ ነው፤ አይሸት፣ አይነድ።

እሑድ ማለዳ ኦርሊን፣ አባቴ፣ ቀበቶውን አስሮ፣
መዘውሩን በአውራ ጣቱ አምስት ላይ አዙሮ፣
ረገጠ።
ማርሚታው አጓራ፣ ቱርቦው ፏጨት አለ፣
የጋይሎርድ ውሻ ጮኸ፣ አጥር እየዘለለ።
ከዚያ ዳገቱ መጣ።
አባቴ የሚያየው መንገዱን አይደለም፤ መርፌዋን፣
ስድስት መቶ ዲግሪ ላይ ዘወትር የምትንቀጠቀጠዋን።
አልወጣችም። አራት መቶ ላይ ቀጥታ
ቆመች፣ እንደ ተቀጣች ተማሪ፣ አንገቷን ደፍታ።
ከኋላችን ጭስ የለም፤ መስተዋቱ ሰማይ ብቻ ያሳያል።
አንድ የወተት ቦቴ ቀደመን። ሾፌሩ እጁን አወዛወዘ።
አባቴም አወዛወዘ።

ጉብታው ጫፍ ላይ ጥግ ይዞ አቆመ።
ሞተሩን አላጠፋም፤ አዳመጠው።
አርባ ዓመት ሙሉ ያልዋሸው ጆሮ አለው።
«አምስት ቀዝቀዝ ብላለች» አለ። «አየሩ ነው?»
ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው፤ አስፋልቱ ይቀልጣል።
«አየሩ ነው» አልኩት።

መዘውሩን ዳሰሰው፣ እንደ ጥጃ ግንባር፣
ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ስድስት አዞረው።
ሞተሩ ጸጥ። ስንዴው ብቻ።
ቁልፉን ነቅሎ ጭኔ ላይ አኖረው።
«እንግዲህ» አለ፣ «አየሩ እስኪለወጥ፣ አንቺ ንጂ።»

ነዳሁ።
የትኛው ቁጥር ላይ እንደመለስኩት ግን
ለጋይሎርድ አልነግረውም።